በአንድ ማዕድ ዙሪያ፦ የጥንቶቹ ክርስቲያኖች እነማን ነበሩ?

የአንድን ንቅናቄ ባሕርይ ለመረዳት የሚሻ የታሪክ ተመራማሪ «ምን አስተማሩ?» ብሎ ከመጠየቁ ጋር «እነማን ነበሩ? ከየትስ መጡ? ማንስ ከማን ጋር ተቀመጠ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ሐሳብን የሚሸከመው ሰው ነው። ሰውም ወደ ማኅበር ሲገባ ቋንቋውን፣ ሙያውን፣ የትውልድ ማዕርጉን፣ ቂሙንና ኩራቱን በደጅ ጥሎ አይገባም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በሮማ ግዛት ውስጥ የበቀለው የክርስቲያኖች ማኅበር እንዴት ሊቆም እንደ ቻለ ለማወቅ፣ እነዚያ የየራሳቸውን ሸክም ተሸክመው የመጡ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር እንዴት እንደ ዋሉ፣ በአንድ ማዕድም እንዴት እንደ በሉ መመርመር ያስፈልጋል።

ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ አንድ ቀላል መልስ አለ። በ178 ዓ.ም. ገደማ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ኬልሶስ የተባለ የግሪክ ፈላስፋ ክርስትናን ለመንቀፍ በጻፈው መጽሐፍ፣ ይህን እምነት በየቤቱ የሚያሠራጩት የሱፍ ሠራተኞች፣ ጫማ ሰፊዎችና ልብስ አጣቢዎች እንደ ሆኑ፣ የሚማርኩትም ባሮችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን እንደ ሆነ እያላገጠ ይናገራል። መጽሐፉ ራሱ ጠፍቷል፤ ይዘቱ የሚታወቀው የእስክንድርያው ሊቅ ኦሪገን በ248 ዓ.ም. ገደማ መልስ ሲጽፍለት የኬልሶስን ቃል እየጠቀሰ ስላቈየ ነው። ከዐሥራ ሰባት መቶ ዓመታት በኋላ ደግሞ ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1894 ዓ.ም. ስለ ጥንታዊ ክርስትና ታሪክ በጻፈው ጽሑፍ፣ ይህ ንቅናቄ በመነሻው የጭቁኖች፣ ማለትም የባሮችና ነፃ የወጡ ባሮች፣ የድኾችና በሮማ ቀንበር ሥር የወደቁ ሕዝቦች ንቅናቄ እንደ ነበረ አመለከተ። አንዱ ለመናቅ፣ ሌላው ለማክበር ብዕሩን ቢያነሣም የሣሉት ሥዕል ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ሥዕሉ እውነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ጉድለቱም ጎልቶ የሚታየው እነዚያ ሰዎች በየስማቸው አንድ በአንድ ሲጠሩ ነው።

አምስቱ የአንጾኪያ መምህራን

በኦሮንቴስ ወንዝ ዳር የተቈረቈረችው አንጾኪያ በዚያ ዘመን ከሮማና ከእስክንድርያ ቀጥላ የምትጠራ ታላቅ ከተማ ነበረች። ሶርያዊውና ግሪኩ፣ አይሁዳዊውና ሮማዊው፣ ነጋዴውና ወታደሩ በአደባባይዋ ይጋፋ ነበር። ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ አንታክያ እየተባለች የምትጠራ ስትሆን፣ በ2023 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ አፍርሷታል።

የግብረ ሐዋርያት መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ እስጢፋኖስ በኢየሩሳሌም በድንጋይ ተወግሮ ከሞተ በኋላ በተነሣው ስደት የተበተኑ ሰዎች ወደዚህች ከተማ ደረሱ። ከእነርሱም መካከል የቆጵሮስና የቀሬና ተወላጆች የሆኑት ትምህርቱን ለአይሁድ ብቻ ሳይወስኑ ለግሪኮችም ነገሩ። «ክርስቲያን» የሚለው ስም መጀመሪያ የተሰማው በዚህችው ከተማ ነው። የስሙ አወጣጥ ልብ ሊባል ይገባዋል። መድረሻው በላቲን ሥርዓት የአንድን መሪ ደጋፊዎች ወይም ተከታዮች ለመጥራት የሚያገለግል ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሊቃውንት ስሙን ያወጡላቸው የውጭ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። የከተማው ሰው አይሁድ እንዳይላቸው ግሪኮች አሉባቸው፤ ግሪኮች እንዳይላቸው አይሁድ አሉባቸው። በነባሩ መዝገብ የማይገኝ ማኅበር ስለ ሆኑበት አዲስ ስም ሳያስፈልገው አልቀረም።

ይኸው መጽሐፍ የአንጾኪያን ማኅበር መምህራን አምስት አድርጎ በስም ይጠራቸዋል። የመጀመሪያው በርናባስ ነው። ትውልዱ ከቆጵሮስ ደሴት፣ ነገዱ ከሌዊ ሲሆን፣ መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን ለማኅበሩ የሰጠ ሰው ነበር። ሁለተኛው ስምዖን ነው። «ኔጌር» ይሉት ነበር፤ ይህም በላቲን «ጥቁር» ማለት ነው። ሦስተኛው ሉክዮስ፣ ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር ከምትገኘው ከቀሬና የመጣ ነው። አራተኛው ምናሔ፣ ከገሊላው ገዥ ከሄሮድስ አንጢጳስ ጋር አብሮ ያደገ ባለምዋል ነው። አምስተኛው የጠርሴሱ ሳውል፣ በኋላ ጳውሎስ የተባለው፣ ሕግ የተማረ ፈሪሳዊ፣ በሙያው ድንኳን ሰፊ ነው።

ይህን ዝርዝር ረጋ ብሎ ላነበበው የሚያስደንቀው የአገራቸው መራራቅ ብቻ አይሆንም። የምናሔ አብሮ አደግ ሄሮድስ መጥምቁ ዮሐንስን ያስገደለው ሄሮድስ ነው። ሳውልም እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹን ልብስ የጠበቀ፣ በመሞቱም የተስማማ፣ ከዚያም በኋላ ምእመናንን ከየቤታቸው እየጎተተ ለወኅኒ የሰጠ ሰው ነው። የአንጾኪያን ማኅበር የመሠረቱት ደግሞ ከዚያ ስደት ያመለጡ ናቸው። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ስደተኛውና ያሳደደው፣ የቤተ መንግሥት ልጅና ቤተ መንግሥት ደሙን ያፈሰሰው ነቢይ ወዳጆች በአንድነት ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። ባሮችና ድኾች በመካከላቸው እንደ ነበሩ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ማኅበሩን የአንድ መደብ ማኅበር ብሎ መጥራት እነዚህን አምስት ስሞች መርሳት ይሆናል።

ከአንጾኪያም በፊት ያው መጽሐፍ ለኢትዮጵያ አንባቢ የታወቀውን የጃንደረባውን ታሪክ ይተርካል። በዚያ ዘመን «ኢትዮጵያ» የሚለው የግሪኮች ስም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ያመለክት ነበር፤ «ህንደኬ» የሚለውም የመርዌ ንግሥታት የማዕርግ ስም ነው። ሰውዬው በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ ባለሥልጣን ነበር። ሆኖም በኦሪት ሕግ የተሰለበ ሰው ወደ ጉባኤ መግባት የተከለከለ ነው። በሥልጣኑ ከብዙዎች በላይ፣ በአካሉ ከጉባኤው ውጭ የነበረው ይህ ሰው በጥምቀት ያለ ቅድመ ሁኔታ ገባ። የጥንቱን ማኅበር አባላት ባለጠጋና ድኻ ብሎ በሁለት መስመር ብቻ መክፈል የማይቻለው እንዲህ ያለው ሰው ስለሚያስቸግር ነው።

ሁለት ገበታ

ይሁን እንጂ በአንድ ጣራ ሥር መሰብሰብ ቅራኔን አያጠፋም፤ እንዲያውም ቅራኔውን ከሩቅ ወደ ቅርብ ያመጣዋል። በአንጾኪያ ቅራኔው የፈነዳው በማዕድ ላይ ነው።

የአይሁድ ሕግ የሚበላውንና የማይበላውን በጥንቃቄ ይለያል። ይህም ለአይሁዳዊው ተራ ልማድ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ዓመት ገደማ አንጥያኮስ 4ኛ አይሁድን ሕጋቸውን ሊያስጥል በተነሣ ጊዜ፣ ብዙዎች የተከለከለውን ሥጋ ከመብላት ሞትን መርጠዋል። የዚያ ንጉሥ መናገሻ ይህችው አንጾኪያ ነበረች። አባቶቹ የሞቱለትን ሥርዓት ያ ንጉሥ በነገሠባት ከተማ ላይ እንዲያላላ የተጠየቀ አይሁዳዊ ቢያመነታ የሚያስገርም አይሆንም።

ጳውሎስ ራሱ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት እንደሚተርከው፣ ጴጥሮስ ወደ አንጾኪያ በወረደ ጊዜ ካልተገረዙት ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን አፈገፈገና ተለየ። ሌሎቹም አይሁድ ተከተሉት። መሬቱን ለማኅበሩ የሸጠው በርናባስ እንኳ ሳይቀር አብሯቸው ሄደ። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ጴጥሮስን ተቃወመው።

በዚያ ቀን አንድም ሰው ይባረር ያለ አልነበረም። የትምህርት ልዩነትም አልተነሣም። የተፈለገው ሁለት ገበታ እንዲኖር ብቻ ነበር። የጳውሎስ ክርክር ፍሬ ነገር፣ ሁለት ገበታ ማለት ውሎ አድሮ ሁለት ማኅበር ማለት መሆኑን ማሳየቱ ላይ ነው። ጴጥሮስ ምን እንደ መለሰ መልእክቱ አይናገርም። ጳውሎስ መርታቱንም አይገልጽም፤ ረትቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሳይጽፍ ባላለፈ ነበር ብለው የሚከራከሩ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ አንድነቱ እንደ ጠል ከሰማይ የወረደ ሳይሆን፣ በታላላቆቹ መካከል እንኳ በቃል ጦርነት የተፈተነ ነበር።

የቆሮንቶስ እራት

በአንጾኪያ ገበታውን የከፈለው ዘርና ሥርዓት ነበር። በቆሮንቶስ ደግሞ ሀብት ሆነ።

ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ዓመት ያፈረሷት ቆሮንቶስ በ44 ዓመት በዩልዮስ ቄሳር ውሳኔ እንደ ገና ስትቆም፣ ከሰፈሩባት መካከል ብዙዎቹ ነፃ የወጡ ባሮች ነበሩ። ከተማይቱ በምሥራቅና በምዕራብ ሁለት ወደቦች ስለ ነበሯት በንግድ በለጸገች። ጳውሎስ በ50 ዓ.ም. ገደማ ሲደርስባት ያረፈው በሙያ ከሚመስሉት ከአቂላና ከጵርስቅላ ቤት ነበር። እነዚህም ባልና ሚስት ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮማ ባስወጣ ጊዜ የተሰደዱ ድንኳን ሰፊዎች ናቸው። ወደ ማኅበሩ ከገቡት መካከል የምኵራቡ አለቃ ቀርስጶስ ይገኛል። የከተማው መጋቢ ኤርስጦስ ይገኛል። በምሥራቁ ወደብ በክንክራኦስ ያለችው ማኅበር አገልጋይና የብዙዎች ደጋፊ የነበረችው ፌቤን ትገኛለች። ጳውሎስ ለሮማ ሰዎች የላከውን መልእክት ቃል በቃል የጻፈለት ጤርጥዮስም ይገኛል። የዚህ ጸሐፊ ስም ትርጉሙ «ሦስተኛ» ማለት ሲሆን፣ እንዲህ ያለ የቍጥር ስም በባሮችና ነፃ በወጡት ዘንድ የተለመደ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ በቆሮንቶስ ፍርስራሽ ውስጥ፣ ኤርስጦስ የተባለ ሹም በራሱ ገንዘብ አደባባይ ማስነጠፉን የሚናገር የላቲን የድንጋይ ጽሑፍ ተገኝቷል፤ ሰውዬው ያው ኤርስጦስ መሆን አለመሆኑ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አልነበረም። ማኅበሩ የሚሰበሰበው ሰፊ ቤት ካለው አባል ዘንድ ነበር። በሮማውያን ልማድ በባለጠጋ ቤት የመብል ክፍል ውስጥ ሦስት አልጋዎች ተዘርግተው በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሰው ጋደም ይል ነበር፤ ይህም ዘጠኝ ሰው ብቻ ይሆናል። የቀረው እንግዳ በቤቱ አደባባይ ይቆያል። በዚህ ላይ የሰዓቱ ነገር ተጨመረ። ባለጠጋው ቀኑ የራሱ ስለ ሆነ ምግቡን ይዞ በጊዜ ይደርሳል። ወደብ ላይ ሸክም ሲያወርድ የዋለው ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይመጣል። ባሪያው ደግሞ የሚመጣው ጌታው ሲለቀው ነው። በደረሱም ጊዜ ምግቡ አልቆ ያገኙታል። ጳውሎስ ከኤፌሶን በጻፈው መልእክት አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክራል ብሎ ወቀሳቸው፤ ይህም ምንም የሌላቸውን ማሳፈርና ማኅበሩን መናቅ መሆኑን ነገራቸው።

የቆሮንቶስ ባለጠጎች ያደረጉት በዘመኑ ዓይን ነውር አልነበረም። ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቈይቶ ፕሊኒዮስ የተባለ የሮማ መኰንን በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ የግብዣ ባለቤት ለራሱና ለጥቂት ወዳጆቹ ምርጡን ወይን፣ ለዝቅተኞች ወዳጆቹ ሁለተኛውን፣ ነፃ ለወጡት ባሮች ሦስተኛውን ሲያስቀዳ ማየቱን በጥላቻ ይተርካል። እርሱ ራሱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት እንደሚያቀርብ ይናገራል። አብሮት ከተጋበዘው ሰው ጋር ሲጨዋወትም የነገሩን ምሥጢር ይገልጻል፦ ነፃ የወጡት ባሮቹ የእርሱን ወይን አይጠጡም፤ እርሱ የእነርሱን ይጠጣል። ይህ ሰው ወደ ታሪካችን ይመለሳል።

ጳውሎስ ለቆሮንቶሳውያን የሰጣቸው ፍርድ ምን ነበር? እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ፤ የራበው በቤቱ ይብላ የሚል ነበር። ይህ ግማሽ መፍትሔ መሆኑን መካድ አይቻልም። ባለጠጋው በገዛ ቤቱ የሚበላውን ማንም አልቈጠረበትም። ሆኖም አንድ ነገር ጸና፦ በማኅበሩ ገበታ ላይ ሰዓቱን የሚወስነው የጌታው መምጣት መሆኑ ቀርቶ የባሪያው መድረስ ሆነ። ባሪያን የሚጠብቅ ገበታ በዚያ ሥርዓተ ማኅበር ውስጥ እንግዳ ነገር ነበር።

የመኰንኑ ምርመራ

ፕሊኒዮስ በሽምግልናው ዋዜማ፣ ከ110 ዓ.ም. በኋላ፣ በጥቁር ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ ያሉት የቢታንያና የጳንጦስ አገሮች ገዥ ሆኖ ተሾመ። በዚያም ሳለ ኒቆምድያ ከተማ በእሳት ብትጋይ፣ አንድ መቶ አምሳ ሰዎች ያሉት የእሳት አጥፊዎች ማኅበር እንዲቋቋም ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያኖስ ጻፈ። ትራያኖስ ግን ከለከለው። ሰዎች ለማናቸውም ምክንያት፣ በማናቸውም ስም ቢሰበሰቡ ጥቂት ቈይተው የፖለቲካ ማኅበር መሆናቸው አይቀርም ሲል መለሰለት። እሳት ለማጥፋት መሰባሰብ ያስፈራው መንግሥት፣ ከየመደቡ የተውጣጡ ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ እየተሰበሰቡ መዘመራቸውን በምን ዓይን እንደሚያየው መገመት አያዳግትም።

ፕሊኒዮስ ስለ ክርስቲያኖች ለትራያኖስ የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቈየ ሲሆን፣ ከውጭ ሰው እጅ ከተገኙት ማስረጃዎች ሁሉ የላቀ ዋጋ አለው። በዚያ ደብዳቤ፣ ከየዕድሜው፣ ከየማዕርጉ፣ ከወንድም ከሴትም ብዙ ሰው መከሰሱን፣ ነገሩም ከከተሞች አልፎ ወደ መንደሮችና ወደ ገጠሩ መዛመቱን ይገልጻል። እንዲሁም እነዚህ ሰዎች ተሰብስበው ይበሉት የነበረው ምግብ ተራና ነውር የሌለበት መሆኑን፣ ማኅበራትን የሚከለክለው ዐዋጁ ከወጣ በኋላም ይህን ማዕድ መተዋቸውን ከምርመራ አገኘ።

ቀጥሎ የሚመጣው ዝርዝር የሥርዓቱን ባሕርይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በእምነታቸው ከጸኑት መካከል የሮማ ዜግነት ያላቸውን ፕሊኒዮስ ወደ ሮማ እንዲላኩ አዘዘ። ዜግነት የሌላቸውን አስገደለ። እውነቱን ለማግኘት ደግሞ ሁለት ባሮች ሴቶችን በሥቃይ መረመረ። የባሪያን ቃል በሥቃይ መቀበል በሮማ ሕግ የተለመደ ነበርና። በአንድ ክስ የተከሰሱ ሰዎች በሕጉ ሚዛን ሦስት ቦታ ተከፈሉ። ያ መኰንን በቤቱ ገበታ ወይን በደረጃ መቀዳቱን የጠላ ሰው ነው፤ በችሎቱ ላይ ግን ሥቃይን በደረጃ ቀዳ።

ፕሊኒዮስ ስለ ሁለቱ ሴቶች አንድ ነገር አክሏል። በማኅበራቸው ዘንድ «አገልጋዮች» የሚባሉ ነበሩ። ይህም የዲያቆናትን ሥራ የሚያመለክት የማዕርግ ስም መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። ሕጉ ቃላቸውን ያለ ጅራፍ የማያምናቸው ሴቶች፣ ለማኅበራቸው ኃላፊዎች ነበሩ። የሁለት ዓለም ሚዛን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲጋጭ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም። ስማቸውን ግን ፕሊኒዮስ አልጻፈውም።

አንድነቱ ያልደረሰበት

ይህን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ የማኅበሩን ድካም መሸፈን ለታሪክ ታማኝነት አይሆንም። ጳውሎስ አናሲሞስ የተባለውን ባሪያ ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲመልሰው፣ ከባሪያ የሚበልጥ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ለመነ፤ ባርነት ይፍረስ ግን አላለም። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ አግናጥዮስ ለሰምርኔሱ ፖሊካርፖስ በጻፈው መልእክት፣ ባሮች በማኅበሩ ገንዘብ ነፃ ለመውጣት እንዳይመኙ ይመክራል። ምክሩ ቢያሳዝንም ምስክርነቱ ግልጽ ነው፤ በማኅበሩ ገንዘብ ባሪያን ነፃ ማውጣት የማይታሰብ ነገር ቢሆን ኖሮ አግናጥዮስን ባላሰጋው ነበር። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ካሊስጦስ የሮማ ጳጳስ ሆነ። ባላንጣው የጻፈበት ክስ እንደሚለው ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እዚያ ወንበር ላይ መቀመጡ፣ እዚያው ማኅበር ውስጥ ሌሎች በባርነት መቅረታቸው፣ ሁለቱም በአንድነት እውነት ናቸው።

የካርታጎዋ እጅ

በመጋቢት 203 ዓ.ም. ዛሬ ቱኒዚያ በምትባለው አገር በካርታጎ ከተማ፣ ገና በትምህርት ላይ የነበሩ ጥቂት ክርስቲያኖች ለአውሬ ተሰጡ። ከእነርሱ መካከል ቪቢያ ፐርፔቱዋ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ ከመልካም ቤተ ሰብ የተወለደች፣ የተማረች፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ነበረች። ፌሊሲታስ ባሪያ ነበረች፤ አብሯትም እንደ እርሷ ባሪያ የሆነው ሬቮካቱስ ታስሯል። ፐርፔቱዋ የእስር ቤት ኑሮዋን ራሷ ጽፋለች፤ ይህም ከክርስቲያን ሴቶች እጅ ከቈዩት ጽሑፎች ሁሉ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። በእርሱም እምነቷን ትታ እንድትመለስ ሽማግሌ አባቷ እጇን እየሳመ የለመናትን ልመና ትተርካለች።

ፐርፔቱዋ ራሷ በጻፈችው ክፍል ግን ፌሊሲታስን በስም አታነሣትም። የባሪያይቱን ታሪክ ያቈየው ጽሑፉን ያሰናዳው ሌላ ሰው ነው። እርሱ እንደሚለው፣ ፌሊሲታስ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሕጉ ነፍሰ ጡር ሴት እንድትገደል ስለማይፈቅድ ከጓደኞቿ ተለይታ፣ በኋላ ከወንጀለኞች ጋር እንዳትሞት ሰጋች። በዓሉ ሊደርስ ሲል በወኅኒ ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗንም አንዲት እኅት ወስዳ አሳደገቻት።

በዓሉ በደረሰ ቀን ሁለቱን ሴቶች ለአንዲት ጨካኝ የዱር ላም ሰጧቸው። ላሚቱ መጀመሪያ ፐርፔቱዋን አንሥታ ጣለቻት። ፐርፔቱዋ ተነሥታ ልብሷንና ጠጕሯን ሰበሰበች። ቀና ስትልም ፌሊሲታስ ተረግጣ ወድቃ አየቻት። ሄዳ እጇን ሰጥታ አነሣቻት፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆሙ።

በዚያ የትርኢት ሜዳ ዙሪያ መቀመጫው በማዕርግ የተደለደለ ነበር፤ ባለሥልጣኑ ከፊት፣ ድኻው ከኋላ። ተመልካቹ ሁሉ በየደረጃው ተቀምጦ ሳለ፣ ደረጃ የጠፋበት ስፍራ ሁለቱ ሴቶች የቆሙበት አሸዋ ብቻ ነበር። አንዲት እመቤት በጽሑፏ ያልጠራቻትን ባሪያ በእጇ አነሣቻት። በአንጾኪያ ሊከፈል የነበረው፣ በቆሮንቶስ ያፈረው፣ በቢታንያ በዐዋጅ የተዘጋው ያ አንድ ማዕድ ያፈራው ፍሬ ይህ ነበር።